መንገዱን ከመዝጋታችሁ በፊት ሹፌሩን ጠይቁት

ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ አሥር ዓመት ቢጫ ታክሲ ነድቻለሁ፤ ያውም ማታ ማታ። ከቀኑ 11 ሰዓት መኪናውን ከጋራዥ እረከባለሁ፣ ሌሊት 11 ሰዓት እመልሳለሁ። ኪራዩ ቀድሞ የሚከፈል ስለሆነ የምሽቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ለጋራዡና ለቤንዚኑ ነው። የኔ የምለው ገንዘብ የሚመጣው ቲያትር ቤቶቹ ሰዉን ሲለቁት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ግድም ነበር። በዚያ ሰዓት ታይምስ ስኩዌር ላይ ባዶ ታክሲ ይዞ የተገኘ ሰው የዕለት እንጀራውን አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በሜይ 2009 ከተማው በዚያው የሚያልፈውን ብሮድዌይን ከ42ኛ እስከ 47ኛ ጎዳና ድረስ ለመኪና ሊዘጋው ነው ሲባል፣ ጋራዥ ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከተራገሙት አንዱ እኔ ነኝ።

አሁን ያለሁት አዲስ አበባ ነው። የእህቴ ልጅ ከሀያ ሁለት ገባ ብሎ ጥብስ ቤት አለው፣ እኔ ከጎኑ ጭማቂ እሸጣለሁ። መንገዱ ማታ ማታ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ ግራና ቀኝ መኪና ተደርድሯል፣ መሐል ላይ ሌላው ቆሞ ክላክስ ያምባርቃል፣ ሴቶቹ ባለተረከዝ ጫማቸውን ይዘው በመኪኖቹ መሐል ይሹለከለካሉ፣ ሙዚቃው ከአምስት ቤት ይመጣል። የመንገዱ ነጋዴዎች ተሰብስበው ቅዳሜ ማታ መኪና ይቅር ሲሉ እኔን ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። ውጭ አገር አይቷል ብለው ነው። ያየሁት ከመሪ ኋላ ተቀምጬ ነው ብላቸው ማን ሰምቶኝ።

ከዚህ በታች ያለው ከሁለቱ መንገዶች የቀሰምኩት ነው። እናንተም ሰፈር ምግብና መጠጥ ቤት የበዛበት መንገድ ካለና ለእግረኛ ልትሰጡት ካሰባችሁ፣ እኛ የከፈልነውን እንዳትከፍሉ ነው የምጽፈው።

የቱን መንገድ ትዘጋላችሁ?

በሰው ብዛት ብቻ አትምረጡ። ብሮድዌይ ለምን እንደተመረጠ እኔ የገባኝ ከዓመት በኋላ ነው። የማንሃተን መንገዶች እንደ ደብተር መስመር ቀጥ ብለው የተሰመሩ ናቸው፤ ብሮድዌይ ግን ሰያፍ ነው፣ መስመሮቹን ሁሉ እየቆረጠ ይወርዳል። ታይምስ ስኩዌር ላይ ከሰባተኛ አቬኑ ጋር ይሻገራል፣ በዚያው ቦታ ደግሞ አግድም የሚያልፈው ጎዳና አለ። አንዱን የትራፊክ መብራት ሦስት መንገድ ይካፈለዋል ማለት ነው። አረንጓዴው ሲበራ ሦስት አራት መኪና አልፎ ተመልሶ ይቀላል። እኔ ይሄን በመቀመጫዬ አውቀዋለሁ፤ ስንት ሌሊት ተሳፋሪዬ ሜትሩን እያየ ሲያጉረመርም እዚያ ቆሜያለሁ። ብሮድዌይ ከጨዋታው ሲወጣ፣ ለሦስት ሲካፈል የነበረ እንጀራ ለሁለት ሆነ። ለሰባተኛ አቬኑና ለአካባቢው አረንጓዴው ረዘመ።

እዚህ ላይ የሚያስቀኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2007 ታክሲያችን ውስጥ ጂፒኤስ አይገባም ብለን ሥራ ካቆሙት ሹፌሮች መሐል ነበርኩ። እየሰለሉን ነው ብለን ነበር። መሣሪያው ግን ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከተማው መንገድ መዝጋቱ ትራፊኩን ጠቅሞት እንደሆነ ለማወቅ ሲፈልግ የማንን መረጃ አወጣ? የኛኑ ጂፒኤስ። ሚድታውን በሚባለው የማንሃተን መሐለኛ ክፍል፣ በምዕራቡ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄዱ ታክሲዎች ፍጥነት 17 በመቶ ጨመረ፤ በምሥራቁ በኩል የጨመረው 8 በመቶ ነበር። ወደ ደቡብ የሚወርደው ግን 2 በመቶ ቀነሰ፤ እኛም ጋራዥ ውስጥ ስናወራ የምናነሳው ያንን ቅናሽ ብቻ ነበር፣ ስለ 17ቱ ያወራ አላስታውስም። አደጋውም ቀነሰ፤ በእግረኞች ላይ የሚደርሰው ጉዳት 35 በመቶ፣ በሹፌርና በተሳፋሪ ላይ የሚደርሰው 63 በመቶ። ሁለተኛው ቁጥር እኔን ይመለከታል። እግረኛን ለማዳን የተሠራ ነገር ከእግረኛው ይልቅ እኛን አዳነ።

እናንተ ጂፒኤስ አያስፈልጋችሁም። መስቀለኛው ላይ አንድ ምሽት ቁሙ። ከመንገዱ ጫፍ የሚገባውን መኪና ታርጋ የመጨረሻ ሁለት ቁጥር ጻፉ፣ ሌላ ሰው በወዲያኛው ጫፍ የሚወጣውን ይጻፍ፣ ከዚያ ወረቀቶቹን አስተያዩ። ገብቶ ወዲያው የወጣ መኪና አቋራጭ ፈላጊ ነው፤ እሱ ሌላ መንገድ አያጣም። ገብቶ ያልወጣው ወይ እንግዳችሁ ነው ወይ ነዋሪ ነው ወይ ዕቃ አምጪ ነው፤ ለሦስቱም ቦታ ሳታዘጋጁ መዝጋት የለባችሁም። እኛ ጋ አቋራጭ ፈላጊው ከጠበቅነው በላይ ሆኖ ተገኘ። ለካ የሚያስጨንቀን ክላክስ የሚበዛው እኛ ዘንድ ምንም ከማይበላ ሰው ነው።

በተቃራኒው መንገዳችሁ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስድ ብቸኛ መንገድ ከሆነ፣ ወይም ሚኒባስ የሚያልፍበት ከሆነ፣ ተዉት። ሌላ ፈልጉ። ለጠጪ ሲባል የሚኒባስ ተሳፋሪን በጭለማ በእግር ማስኬድ ግፍ ነው።

ሰው መቁጠር

ኮፐንሃገን ውስጥ ስትሮየት የሚባለው የገበያ መንገድ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 1962 ለሙከራ ለመኪና ሲዘጋ፣ «እኛ ዴንማርካውያን እንጂ ጣሊያኖች አይደለንም፣ በዚህ ብርድ ማን ውጭ ይንሸራሸራል» ይባል ነበር። ባለሱቆቹ ገበያ ሞተ ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ቋሚ ሆነ። ያን ጌል የተባለው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ መንገዱ ላይ እየቆመ ስንት ሰው እንዳለፈ፣ ስንቱ እንደተቀመጠ፣ የት እንደተቀመጠ ሲቆጥር ኖረ። ኋላም ኒው ዮርክን ያማከረው እሱ ነው።

ቆጠራ ቀላል ነው። ሁለት ተማሪ፣ ደብተር፣ ሰዓት፣ ለራትና ለትራንስፖርት የሚሆን ገንዘብ። በየሰዓቱ 15 ደቂቃ ብቻ ይቁጠሩና በአራት አባዙት። ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት። አንድ የሥራ ቀን፣ አንድ ቅዳሜ። የሚራመድ፣ የቆመ፣ የተቀመጠ፣ አስፋልት ላይ ወርዶ የሚሄድ፤ አራት ዓምድ። አስፋልት ላይ ወርዶ የሚሄደውን አትርሱ፣ ደብዳቤ ስትጽፉ ትልቁ ክርክራችሁ እሱ ነው፤ ሰዉ አስፋልቱን አስቀድሞ ወስዶታል፣ እናንተ የምትጠይቁት እንዳይገጭ ብቻ ነው ትላላችሁ። ዝናብ ያለበትን ቀን ለብቻው ቁጠሩት። ሐምሌና ነሐሴ የሚሆነውን በጥር ቆጠራ ልታውቁት አትችሉም።

ከመዝጋት በፊት ያልቆጠረ፣ ከዘጋ በኋላ «ሥራ ቀዘቀዘ» የሚለውን ነጋዴ የሚመልስበት የለውም። እኛ ከፊሉን ብቻ ነበር የቆጠርነው፤ በኋላ ሁለት ቤቶች ገበያችን ቀነሰ ሲሉ አፋችንን ይዘን ቀረን።

ከሁሉ በፊት የሚጎዳውን ሰው ጠይቁ

በኮሚቴው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ የነበሩት የቤት ባለቤቶች ብቻ ናቸው። ሁሉም ተስማማ፣ ሻይ ተጠጣ፣ ተበተነ። እኔ ግን ታይምስ ስኩዌር ሲዘጋ ማንም እንዳልጠየቀኝ ትዝ ስለሚለኝ፣ በማግሥቱ ፓርኪንግ የሚያስቆሙትን ልጆች ፈልጌ ተቀመጥኩ። ስድስት ናቸው። መንገዱ ሲዘጋ ሥራቸው ያልቃል። መጀመሪያ አኮረፉ፣ ከዚያ አንዱ ማውራት ጀመረ፤ እኛ ሦስት ወር ብንሰበሰብ የማናገኘውን በአንድ ሰዓት ነገረኝ። ቢራ የሚያመጣው አይሱዙ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ከመኪናው የማይወርድ ታማሚ አዛውንት ያለበት ግቢ የቱ እንደሆነ፣ የውኃ ቦቴ በየትኛው ቀን እንደሚገባ፣ የትኛው መጠጥ ቤት ደንበኛውን በኋላ በር እንደሚያስወጣ፣ ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ የትኛው ጥግ ላይ እንደሆነ። እነዚህን ልጆች የመንገዱ በረኛ አደረግናቸው። ጥቂት ቤቶች አዋጥተው ለምሽቱ ይከፍሏቸዋል፣ እንግዳውንም በ300 ሜትር ርቀት ላይ ቅዳሜ ማታ ባዶ ወደሚሆን የቢሮ ግቢ ይወስዱታል። ከግቢው ባለቤት ጋር የነበረው ድርድር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ይቅር።

የራይድ ሹፌሮች ደግሞ ሌላ ነገር አስተማሩን። ኮሚቴው ተሳፋሪ መጫኛውን ቦታ የተዘጋው መንገድ መግቢያ በር ላይ ሊያደርገው ነበር። አንድ ሹፌር ስቆ «ጋሼ፣ እዚያ ካደረጋችሁት ክላክሱን ከመሐል ወደ ጫፍ ወሰዳችሁት እንጂ ምን አደረጋችሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔ ራሴ አሥር ዓመት ያንን ሳደርግ ኖሬ ረስቼዋለሁ። መጫኛው ከበሩ ራቅ ብሎ፣ መኪናው ዞሮ በሚመለስበት አቅጣጫ፣ ከመታጠፊያው በፊት ይሁን። ግን እንግዳው ከበሩ ሆኖ የሚያየው ቦታ ይሁን፣ መብራት ይኑረው። ሴት ልጅ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ጨለማ ውስጥ ቆማ ስልኳን እያየች መኪና የምትጠብቅበት ቦታ ከሠራችሁ ሁለተኛ አትመጣም፤ ጓደኞቿም አይመጡም። እኛ ሰማንያ እርምጃ አደረግነው። በርከት ያለ ሰው ስልኩ ላይ የሚያስቀምጠው ምልክት ግን አሁንም ጥብስ ቤቱ በር ላይ ነው፤ እሱን ገና አላሸነፍነውም።

ዕቃ አምጪውን በተመለከተ አንድ ሕግ ብቻ ይኑራችሁ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ሳጥን አይወርድም። በመጀመሪያው ቅዳሜ አይሱዙው 12 ሰዓት ተኩል ላይ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ሄደ። ቢራ አልቆበታል የተባለው ቤት ባለቤት የኮሚቴው ሰብሳቢ ነበር። ምን ትላላችሁ?

ነዋሪውን በየቤቱ ሂዱና አናግሩ። ደብዳቤ አትበትኑ። ለነዋሪ መኪና የመግቢያ ካርድ ስጡ፣ ግን በእግር ፍጥነት፣ የጉዳት መብራት አብርቶ፣ ከፊቱ በረኛው እየሄደ።

ፈቃዱ

ስለ ደብዳቤው ብዙ አልልም፤ ወረዳ፣ ትራፊክ፣ ፖሊስ፣ እሳት አደጋ፣ ቅደም ተከተሉን የሰፈራችሁ ሰው ያውቀዋል። «ለሙከራ» የምትለዋን ቃል ግን እንዳትረሱ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ቀኑንም ጻፉ። ታይምስ ስኩዌርም በሙከራ ነው የተጀመረው፤ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ቋሚ ነው ያሉት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 ነው። ለኃላፊ ቋሚ ነገር ፈቅዶ ከመጠየቅ፣ ሙከራ ፈቅዶ ማየት ይቀለዋል።

በከተማችን ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ሲካሄድ ልጆች አስፋልት ላይ ብስክሌትና ስኬቲንግ ሲነዱ ሁላችን አይተናል። ያንን በደብዳቤያችሁ ጥቀሱት። ግን እሱ እሑድ ጠዋት ነው። የማታ መንገድ ሌላ ነው፤ ሰካራም አለው፣ ዲጄ አለው፣ የሚተኛ ጎረቤት አለው።

ቀን ስትመርጡ የቤተ ክርስቲያኑን ቀን መቁጠሪያ አብራችሁ ተመልከቱ። በንግሥ ዋዜማ ማታ ነጠላ ለብሰው የሚያልፉ እናቶች ወንበርና ጠርሙስ እየዞሩ እንዲሄዱ ማድረግ ከሰፈር ያጣላል። እኛ የሰፈራችንን ደብር ንግሥ ከዝርዝሩ አስወጣን፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ጥብስ ቤቱም ሥራ ስለሚቀዘቅዝበት ክርክር አልነበረም።

ወንበር፣ ወንበር፣ ወንበር

ኒው ዮርክ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። በዚያ የሜይ እሑድ ብሮድዌይ ሲዘጋ የታዘዘው የአደባባይ ወንበር ገና አልደረሰም ነበር። ባዶ አስፋልት ሊቀር ሆነ። ከዚያ ብሩክሊን ካለ ዕቃ መሸጫ 376 ታጣፊ የሣር ላይ ወንበር ተገዝቶ ተደረደረ፤ አንዱ አሥር ዶላር ገደማ የሚያወጣ፣ ባለ ቀለም ጨርቅ የለበሰ፣ ሰው ለሽርሽር የሚይዘው ዓይነት። ሰው ሁሉ ተቀመጠ። በማግሥቱ ከተማው ያወራው ስለ ወንበሮቹ ነው፤ አስቀያሚ ናቸው ያለ ነበር፣ ደስ ይላሉ ያለ ነበር። ስለ መዘጋቱ መከራከር ተረሳ። እኔ በ46ኛው ላይ መብራት ይዞኝ በመስኮት ሳይ አንዲት ሴትዮ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ትናንት እኔ ቆሜ ስሳደብ የነበረበት ቦታ ላይ።

ይሄን ታሪክ ለኮሚቴው ነግሬያለሁ፣ ራሴ ግን አልሰማሁትም። በመጀመሪያው ቅዳሜ መንገዱን በኮን ዘጋንና ቆመን ጠበቅን። ሰዉ እየመጣ «ምን ተፈጠረ?» ይላል። እኛ አገር መንገድ ከተዘጋ ወይ ባለሥልጣን ሊያልፍ ነው፣ ወይ ችግር አለ። አስፋልቱ ባዶ ሆኖ ሰዉ በጠባቡ የእግረኛ መንገድ ላይ እየተጋፋ አለፈ! አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም ሰው መሐሉን አልረገጠም። መጀመሪያ የረገጡት ኳስ የያዙ ልጆች ናቸው።

ለሁለተኛው ቅዳሜ አንዱ «የእድሩን አግዳሚ እንዋስ» አለ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። እኛ መንገድ መዝጋት ከማንም በላይ እናውቃለን፤ ሠርግ ሲሆን፣ ልቅሶ ሲሆን፣ ድንኳን አስፋልት ላይ ተተክሎ ሦስት ቀን መኪና ሲዞር ማንም አይቆጣም። አግዳሚውም፣ ድንኳኑም፣ ድስቱም በእድር ቤት አለ። ግን አግዳሚዎቹ መጥተው ሲደረደሩ አንዲት ትልቅ ሴት ቆመው አዩና «ማን ሞተ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይቀመጥበት? የልቅሶ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ቢራ የሚጠጣ ሰው አልተገኘም። ሌሊቱን መልሰን አስገባናቸው። የፕላስቲክ ወንበር ገዛን፣ 40፣ ቀለማቸው የተደባለቀ።

የሚንቀሳቀስ ወንበር ይሁን፣ ያልተቸከለ። ሰው ወንበሩን ትንሽ እንኳ ከሳበ በኋላ ነው የሚቀመጠው። ከነዚህ ውስጥ የተወሰኑት የማንም ቤት አይሁኑ፤ ምንም ሳይገዛ የሚቀመጥ ሰው ይኑር። ባለቤቶቹ ይሄንን አይወዱትም። የጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ግን ከሁሉ በላይ የሸጠችው ከነዚያ ወንበሮች አጠገብ ነው። ይሰረቃል ላላችሁኝ፤ አዎ፣ ሦስት ጠፍቷል። አንዱ የጎረቤት ዘበኛ ጋ ተገኘ፣ ተውንለት።

ጠረጴዛውና ሻጩ ወሰን ያስፈልገዋል

መንገዱ የሰው ሲሆን ባለቤቱ ሁሉ ጠረጴዛውን ወደ ውጭ ይገፋል። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ መተላለፊያ ይጠፋል። ኢስታንቡል ሄዶ ያውቃል ብዬ የማስበው አንባቢ ብዙ ነው፤ ኢስቲክላል የሚባለው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1990 ለእግረኛ ተሰጥቶ ቀይዋ አሮጌ ትራም ብቻ ትመላለስበታለች። ከጎኑ ባሉት ጠባብ የመጠጥ ቤት መንገዶች ግን ጠረጴዛው ሰፍቶ ሰፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የቤዮግሉ ማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛዎቹን ከውጭ አስነሳቸው። ብዙ አስተናጋጅ ሥራ አጣ። መጀመሪያ መስመር ቢሰመር እዚያ ባልተደረሰ ነበር።

የኛ አስፋልት 9 ሜትር ነው። መሐሉን 4 ሜትር በነጭ ቀለም አሰመርንና በግራና ቀኝ ሁለት ተኩል ሁለት ተኩል ለጠረጴዛ ሰጠን። 4 ሜትሩ የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ መሄጃ ነው፤ ቀለሙን የረገጠ ጠረጴዛ በረኛው ያነሳዋል፣ የማንም ይሁን። በኖራ አትጀምሩ፤ እኛ ጀምረን በአንድ ዝናብ ሄደ።

ሱቅ በደረቴ፣ ሊስትሮ፣ ቆሎና ሎተሪ ሻጭ፣ ፎቶ አንሺ ይመጣሉ። ይምጡም፤ ሰው ባለበት መምጣት መብታቸው ነው፣ መንገዱንም ያደምቁታል። ቦታቸውን ግን ከመምጣታቸው በፊት አስቡ። ታይምስ ስኩዌር ላይ እንደ ኤልሞና እንደ ባትማን ለብሰው ከቱሪስት ጋር ፎቶ እየተነሱ ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች በዙ። ገላቸውን ቀለም የተቀቡ ሴቶችም መጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 የፖሊስ ኮሚሽነሩ ብንቆፍረውና እንደ ድሮው ብናደርገው ይሻላል እስከማለት ደረሱ። መፍትሔው በ2016 ሲገኝ ግን ቀለም ነበር፤ መሬቱ ላይ ሳጥን ሳጥን ተሠርቶ፣ ገንዘብ እየጠየቀ የሚሠራ ሰው እዚያ ውስጥ ይቁም ተባለ። ባትማንም ሳጥኑ ውስጥ ገባ።

ድምፅ፣ ሽንት ቤት፣ መብራት

መኪና ሲወጣ ዝምታ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። ስፒከር ይመጣል። ክላክሱ ስለጠፋ የአንዱ ቤት ዘፈን ሌላው ቤት ይሰማል፣ እሱም ይጨምራል፣ ይሄኛውም ይጨምራል። የኛ ደንብ፦ ስፒከር ፊቱን ወደ ቤቱ ያዞራል፣ ወደ መንገዱ አይታይም፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ውጭ ሙዚቃ የለም። አንድ ቤት ሁለት ጊዜ ጥሷል። በሦስተኛው ውጭ ጠረጴዛ ተከለከለ፣ ተስተካከለ።

ሽንት ቤት። ይሄ አሳፋሪ ስለሚመስል በስብሰባ ማንም አያነሳውም፤ እሑድ ጠዋት ግን የአጥሩን ሥር የምታጥበው የሰው ሚስት ናት። እያንዳንዱ ቤት ደንበኛው ላልሆነም ሽንት ቤቱን እንዲከፍት አስፈርሙ። ያልፈረመ ጠረጴዛ አያወጣም።

ኤሌክትሪክ ለሚያስፈልገው ዝግጅት ጄኔሬተር መንገዱ ላይ አታስቀምጡ፤ በጭሱና በጩኸቱ መኪና መለሳችሁ ማለት ነው። ታይምስ ስኩዌር ስኖሄታ በተባለው የንድፍ ድርጅት እንደገና ተነጥፎ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲመረቅ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ በረጃጅሞቹ የጥቁር ድንጋይ መቀመጫዎች ውስጥ ነው የተቀበረው። እኛ ያን አንችልም፤ ከሁለት ቤት ገመድ በአናት አሳልፈን ተሻግረናል። ቀስ ይበል፤ ቀለምና ወንበር እያለ ድንጋይ ለማንጠፍ አትቸኩሉ። እነሱም ስምንት ዓመት ወስዶባቸዋል።

ተከራይ ነጋዴ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ምክር፦ መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት የኪራይ ውላችሁን አራዝሙ። መንገድ ሲያምር ኪራይ ይከተለዋል፤ ታይምስ ስኩዌርም ላይ ተከትሏል።

በሩ

ኮን ማስታወቂያ ነው፣ ጥበቃ አይደለም። ሜይ 18 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) ታይምስ ስኩዌር ላይ አንድ ሹፌር ሰባተኛ አቬኑ ዳር ያለው የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ሰው እየገጨ ሄደ። አንዲት ወጣት ሞተች፣ ሌሎች ወደ ሃያ ሰዎች ተጎዱ። መኪናውን ያቆመው መሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት ምሰሶ ነው። ዜናውን እዚህ ሆኜ በቴሌቪዥን ሳይ ጥጉን አወቅሁት፣ ስንት ሺህ ጊዜ የታጠፍኩበት ነው።

እኛ የብረት ምሰሶ አቅም የለንም። በሲሚንቶ የተሞላ በርሜል አበባ ተክለንበት በሁለቱም ጫፍ አቆምን፤ በርሜሎቹ መሐል አምቡላንስ የሚያሳልፍ ክፍተት ትተን፣ እሱን በሚከፈትና በሚዘጋ ብረት ዘጋነው። ብረቱ ቁልፍ አለው። አሁን የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፣ ድምፅ የለውም፣ ከኋላ ሲመጣ አይሰማም፤ ስለዚህ የመግቢያ ካርድ ያለው ነዋሪም ቢሆን ያለ በረኛ አይገባም።

በአምስተኛው ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ከውስጠኛው ግቢ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በባሏ መኪና ወደ በሩ መጣች። የምሥራቁ በረኛ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም። ባልየው ከመኪናው ወርዶ መጮህ ጀመረ። ጥብስ የሚበሉ ስድስት ወንዶች ተነስተው ብረቱን ከነማጠፊያው ነቀሉት፣ መኪናው አለፈ። ልጁ በሰላም ተወለደ፤ አባትየው ግን አሁንም ሰላምታ አይሰጠኝም፣ አልፈርድበትም።

አሁን ለእያንዳንዱ በር ሦስት ቁልፍ አለ። አንዱ በረኛው ጋ ነው። አንዱ ሁልጊዜ ክፍት የሆነው ፋርማሲ ውስጥ በምስማር ላይ ይሰቀላል፣ ከሥሩም የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ስልክ ተጽፏል። ሦስተኛው ጭማቂ ቤቱ ውስጥ፣ ከአቮካዶው መደርደሪያ በላይ ነው። ቅዳሜ 12 ሰዓት ሲሆን ወጥቼ ብረቱን የምዘጋው እኔ ነኝ፤ የራይድ ልጆቹም ሲያዩኝ መስኮት ዝቅ አድርገው የሚሉኝን ይላሉ።